«ስሞል ሴል» ትንሽ ማለት አይደለም፦ የትኛው ሕክምና ለማን ይሆናል?

«ስሞል ነው ያሉት። ትንሽ ነው ማለት ነው አይደል?»

ይህን የጠየቀችኝ አባቷን ይዛ የመጣች ልጅ ናት። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞርኩ በሐኪምና በሐበሻ ታካሚ መሃል እቀመጣለሁ። ያን ቀን ሐኪሙ ስለ አባቷ የሳንባ ካንሰር «ስሞል ሴል» ሲል ቃሉን እንዳለ አለፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷ «ትንሽ» ብላ ሰማችው፣ ፊቷ ፈታ አለ። አባቷም «ተመስገን» አሉ። ያንን ተመስገን ከአፋቸው መልሼ ለመውሰድ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። እንደዚያ የረዘመ አምስት ደቂቃ አላውቅም።

ትንሹ ሴሉ ነው እንጂ ካንሰሩ አይደለም። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሴሎቹ ደቃቅ ስለሆኑ ነው ስሙ የወጣለት። ከመቶ የሳንባ ካንሰር ታማሚ ከ13 እስከ 15 የሚሆነው ይህኛው ዓይነት አለበት። ፈጣን ነው። ከሦስት ሰው ሁለቱ ሲታወቅባቸው ከደረት አልፎ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ዘመድም፣ የዘመድ ዘመድም ይደውልልኛል። «አዲሱ መድኃኒት ይሻላል ወይስ ኬሞ?» «ሕንድ እንውሰዳቸው ወይስ እዚሁ?» «ጭንቅላታቸውን በጨረር እንምታ ብለዋል፣ እሺ እንበል?» ሐኪም አይደለሁም፣ ለማንም መድኃኒት አላዝም። ግን ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ አማራጮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ቤተሰብ የሚጨነቀው ስለ ውዱና ስለ አዲሱ መድኃኒት ነው። በዚህ በሽታ ግን ረጅም ዕድሜ ያገኙት አብዛኞቹ ያገኙት አሮጌውን ሕክምና በሰዓቱ ስለወሰዱ ነው። አዲሱ የሚጨመረው በዚያ ላይ ነው።

## መጀመሪያ መለኪያው

ደረጃው። ለስሞል ሴል ዋናው ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው። «ውስን» ከሆነ በሽታው በደረት አንድ ወገን ተወስኖ በአንድ የጨረር ክልል ውስጥ ይገባል ማለት ነው። «የተሰራጨ» ከሆነ ከዚያ አልፏል። ይህን ሳታውቁ ስለ መድኃኒት አትከራከሩ። ለማወቅ ሲቲ፣ የጭንቅላት ኤምአርአይ፣ ከተገኘም ፔት ስካን ያስፈልጋል።

የታማሚው አቅም። ሐኪሞች የሚጠይቁት ቀላል ነገር ነው፦ ከቀኑ ምን ያህሉን አልጋ ላይ ያሳልፋሉ? ራሳቸው ይታጠባሉ? ይለብሳሉ? እዚህ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። ስሞል ሴል ለመጀመሪያ ኬሞ ቶሎ የሚበገር ካንሰር ነው። ስለዚህ ያደከማቸው ካንሰሩ ራሱ ከሆነ በኬሞው ተነሥተው ሊቀመጡ ይችላሉ። «ደክመዋል፣ ኬሞ አይችሉም» ብላችሁ ቤት ውስጥ አትወስኑ። በድንገት መዘባረቅ ከጀመሩም ወዲያው ይታዩ። ይህ ካንሰር በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያወርዳል። እሱ ደግሞ ይታከማል።

የትኛው ቁጥር። ስለ ተሰራጨው በሽታ «አሥራ ሁለት ወር» የሚባለው የመኻል ቁጥር ነው። ግማሹ ታማሚ ከዚያ በፊት፣ ግማሹ ከዚያ በኋላ ይሞታል ማለት ነው። በማንም ግንባር ላይ የተጻፈ ቀን አይደለም። ረጅም ዕድሜን ለሚያስብ ሰው ሌላ ቁጥር ይበልጣል፦ ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ከመቶው ስንቱ አለ?

የቀሩት ሁለቱ መለኪያዎች ምልልስና ዋጋ ናቸው። በየአማራጩ እየመጡ ይታያሉ።

## ውስን ከሆነ፦ ሰዓቱ የሚቆጠርበት

በጣም ቀድሞ ተይዞ ወደ ንፍፊት እጢ ካልደረሰ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ከኋላው ኬሞ ይከተላል። ይህ ዕድል የሚገጥመው ከመቶ አምስት ለሚሆነው ሰው ነው። ከገጠማችሁ ያዙት።

ለቀሪው ሕክምናው ኬሞና ጨረር አንድ ላይ ነው። ኬሞው ሲስፕላቲን (ወይም ካርቦፕላቲን) ከኢቶፖሳይድ ጋር ነው። ሁለቱም አሮጌ ናቸው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ጨረሩ ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው የኬሞ ዙር ጋር ቢጀመር ይመረጣል።

ክርክሩ ያለው ጨረሩ በቀን አንዴ ይሁን ሁለቴ የሚለው ላይ ነው። በ1999 የወጣ ጥናት 45 ግሬይ የሚባለውን መጠን በሁለት መንገድ ሰጥቶ አነጻጸረ። በቀን ሁለቴ ለሦስት ሳምንት ከወሰዱት ከአምስት ዓመት በኋላ ከመቶ 26 ነበሩ። በቀን አንዴ ለአምስት ሳምንት ከወሰዱት 16። ትልቅ ልዩነት ነው። ግን በ2017 አውሮፓና ካናዳ ላይ የተሠራው ጥናት የቀን አንዴውን መጠን ወደ 66 ግሬይ ከፍ አደረገው፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ጠበበ። በሁለት ዓመት ከመቶ 56 እና 51 ሆነ። አንዱ ከሌላው ይበልጣል የሚያሰኝ አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄው የመኪና ጥያቄ ይሆናል። አልቀለድኩም። በቀን ሁለቴ ማለት በሁለቱ መሃል ቢያንስ ስድስት ሰዓት መቆየት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብተህ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ተኩል ትመለሳለህ፣ ለአሥራ አምስት የሥራ ቀን። ያኛው ሠላሳ ጊዜው በሦስት ሳምንት ያልቃል። የቀን አንዴው ግን ስድስት ሳምንት ተኩል ይወስዳል። ሆስፒታሉ አጠገብ ማረፊያ ላለው ሰው ሁለቴውን እመርጣለሁ። ከሩቅ ለሚመላለስ፣ ወይም ልጁ ከሥራ ፈቃድ ለማያገኝ፣ አንዴው በደህና መጠን ከተሰጠ የሚያስቆጭ አይደለም።

የሁለቱም ፈተና ጉሮሮ ነው። የምግብ ቧንቧው ይቆስላል። እነዚያ አባት ሁለተኛው ሳምንት ላይ ምራቃቸውን መዋጥ ያማቸው ነበር። ልጃቸው በርበሬና ትኩስ ነገር ከቤት አስወጣች። አጥሚት ቀጠን አድርጋ ታበርድና በቴርሞስ ይዛ ትመጣለች፣ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ በማንኪያ ትሰጣቸዋለች። «ቡና ግን አይቀርብኝም» አሉ። ለብ ያለ ቡና ጠጡ፣ ፊታቸውን አጨማደው። አጥሚቱ ክብደታቸውን ያዘላቸው። እኔ በተቀመጥኩበት ሁሉ ሐኪሞቹ አጥብቀው የሚከታተሉት ክብደትን ነው። መዋጥ ሲከብድ ማስታገሻ አለ፤ «እችለዋለሁ» ብሎ ዝም ማለት ጨረሩን ሊያቋርጥ ይችላል። ማቋረጥ ደግሞ ኪሳራ ነው።

ወረፋ ካለስ? አገር ቤት ይህ ትልቁ ጥያቄ ነው። ለብዙ ዓመታት ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ጅማና ሐረርም ማሽን ገብቶላቸዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ማሽኑ እየሠራ መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ። ወረፋው ረጅም ከሆነ ኬሞውን መጀመር፣ ጨረሩን ከኬሞው በኋላ መውሰድ ይቻላል። ጃፓኖች በ2002 ባወጡት ጥናት አብረው ከወሰዱት ከአምስት ዓመት በኋላ ከመቶ 24 ገደማ ነበሩ፣ አስከትለው ከወሰዱት 18 ገደማ። ያነሰ ነው፣ ግን ከንቱ አይደለም። ጨረር እስኪገኝ ኬሞውንም አቁሞ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የማውቃቸው ቤተሰብ ቪዛና ገንዘብ ሲያሯሯጡ ስድስት ሳምንት አለፈ። ሲነሡ ውስን የነበረው በሽታ ሲደርሱ ጉበት ገብቶ ነበር። ወደ ውጭ ለመውሰድ ካሰባችሁ የመጀመሪያው ዙር ኬሞ እዚሁ ተሰጥቷቸው መሄድ ይችሉ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ዱርቫሉማብ። በዚህ ደረጃ በብዙ ዓመት ውስጥ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ኬሞና ጨረሩን አብረው ጨርሰው በሽታው ላልጨመረባቸው ሰዎች በየአራት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል፣ እስከ ሁለት ዓመት። በ2024 በወጣው ጥናት የመኻሉ ዕድሜ ከ33.4 ወር ወደ 55.9 ወር ሄደ። በሦስት ዓመት ከመቶ 57 ገደማ ነበሩ፣ መድኃኒቱን ካላገኙት 48 ገደማ። አሜሪካ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፈቀደችው። ዋጋው ከአሮጌዎቹ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። የራስን የመከላከያ ኃይል ስለሚያነቃቃ ሳንባን፣ አንጀትን፣ እንቅርትን ሊያስቆጣ ይችላል። አዲስ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ በዚያው ቀን ይደወላል፣ እስከ ቀጠሮ አይጠበቅም።

## የተሰራጨ ከሆነ፦ የሁለት ወር ጥያቄ

መሠረቱ እዚህም ያው ነው፦ ካርቦፕላቲን ከኢቶፖሳይድ ጋር፣ በሦስት ሳምንት አንድ ዙር፣ አራት ዙር ገደማ። ሲስፕላቲን ይሻላል ወይስ ካርቦፕላቲን ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። 663 ታማሚዎችን የደመረ ትንተና በ2012 ሲወጣ የመኻሉ ዕድሜ 9.6 እና 9.4 ወር ሆኖ ተገኘ። ኩላሊት ወይም ጆሮ ደካማ ከሆነ ካርቦፕላቲን ይቀላል።

ከዚያ የኢሚውኖቴራፒው፣ የራስን የመከላከያ ኃይል የሚያነቃቃው ሕክምና፣ ጥያቄ ይመጣል። አቴዞሊዙማብ በ2018 ሲጨመር የመኻሉ ዕድሜ ከ10.3 ወደ 12.3 ወር ሄደ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ለሁለት ወር ነው ይህ ሁሉ ገንዘብ?» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ጅራቱን፣ ማለትም ከዓመታት በኋላ የቀሩትን፣ ስታዩ ነገሩ ይለወጣል። ተመሳሳዩ ዱርቫሉማብ በዚህ ደረጃ ሲጠና በሦስት ዓመት ከመቶ 18 ገደማ በሕይወት ነበሩ። ኬሞ ብቻ ከወሰዱት 6 ገደማ። እነዚያን አቴዞሊዙማብ የወሰዱትን ተከታትለው ሲቆጥሯቸው ደግሞ በአምስት ዓመት ከመቶ 12 ያህሉ ነበሩ። ለዚህ በሽታ ይህ ቀድሞ ያልታየ ነው።

ስለዚህ በሐቅ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ኬሞ ብቻ ቢወስዱ ከሚኖሩት በላይ፣ ከመቶ ሰው አሥራ ሁለት ያህል ሦስት ዓመትን ያልፋሉ። ለሌላው ብዙኃን ለውጡ ትንሽ ነው። ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚነግር አስተማማኝ ምርመራ የለም። ኢንሹራንስ የሚከፍል ከሆነ መውሰዱ አያከራክርም፤ እንደ ሉፐስ ያለ የመከላከያ ኃይል በሽታ ካለ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከኪስ ከሆነስ? ቤት እንሽጥ ብለው ለጠየቁኝ ቤተሰብ ያልኩትን ልድገመው፦ ኬሞውን ዛሬ ጀምሩ፣ ቤቱን አትሽጡ። ኬሞው ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሠራውን ትልቁን ሥራ ይሠራል። ገንዘብ ከተረፈ ለምግብ፣ ለትራንስፖርት፣ ለምርመራ ይዋል። ይህ የኔ ፍርድ ነው፣ ሌላው ሌላ ሊል ይችላል።

በ2025 ደግሞ አሜሪካ ሌላ አማራጭ ፈቅዳለች። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ጨርሰው በሽታው ላልጨመረባቸው ሰዎች ከአቴዞሊዙማብ ጋር ሉርቢኔክቴዲን የሚባል ኬሞ መቀጠል ነው። የመኻሉ ዕድሜ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲቆጠር ከ10.6 ወደ 13.2 ወር ሄዷል። ድካምና የደም ሴል መውረድ ይጨምራል። ጉልበት ላለው ሰው የሚታሰብ ነው።

## ጭንቅላትን አስቀድሞ በጨረር መምታት ወይስ መከታተል?

ይህ በሽታ አንጎል ይወዳል። ስለዚህ እዚያ ምንም ሳይታይ አስቀድሞ አንጎልን በጨረር ማከም የቆየ ልማድ ነው። በ1999 የተደመሩ ጥናቶች የደረቱ በሽታ ለጠፋላቸው ሰዎች የሦስት ዓመቱን ቁጥር ከመቶ ከ15 ወደ 21 ገደማ ከፍ ሲያደርግ አሳይተዋል። ያኔ ግን ኤምአርአይ እንዳሁኑ አልነበረም። ጃፓኖች በ2017 የተሰራጨ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች በኤምአርአይ እየተከታተሉ ሲያነጻጽሩ፣ ጨረሩ በዓመት ውስጥ ወደ አንጎል የሚሄድበትን ከመቶ ከ59 ወደ 33 ቢቀንስም ዕድሜ አልጨመረም።

ዋጋው የማስታወስ ችሎታ ነው፣ በተለይ ዕድሜው ለገፋ። እነዚያ አባት ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ። ሐኪሙ «ከሕክምናው በኋላ ምን ማድረግ መቻል ይፈልጋሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው የመለሱት ይህንኑ ነው። ክትትሉን መረጡ። ክትትል ማለት ግን በየሦስት ወሩ ኤምአርአይ ነው፣ በሁለተኛው ዓመት በየስድስት ወሩ። ኤምአርአይ ሩቅ ከሆነ፣ ወይም በየጊዜው የሚከፍልለት ከሌለ፣ ክትትል የሚባለው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ በሽታው ውስን ከነበረና ዕድሜው ካልገፋ፣ ጨረሩ ይበልጥ ትርጉም አለው።

## ተመልሶ ከመጣ

መጀመሪያ የሚቆጠረው ኬሞ ካበቃ ስንት ጊዜ እንደሆነ ነው። ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ያንኑ ካርቦፕላቲንና ኢቶፖሳይድ መድገም ቶፖቴካን ከሚባለው የኬሞ ክኒን ይልቅ በሽታውን ለረዘመ ጊዜ ያቆመዋል፤ በ2020 ፈረንሳዮች ሲያወዳድሩት 4.7 ወር ከ2.7 ወር ነበር። ዕድሜው ግን በሁለቱም እኩል ሆኗል። ካርቦፕላቲኑና ኢቶፖሳይዱ ርካሽም ናቸው፣ ብዙ ቦታም ይገኛሉ።

አዲሱ ታርላታማብ ነው። አንድ እጁ ካንሰሩን፣ ሌላው እጁ የመከላከያ ሴሉን ይዞ ያገናኛቸዋል። አሜሪካ በግንቦት 2024 ፈቀደችው። በ2025 በወጣው ጥናት የመኻሉ ዕድሜ 13.6 ወር ሆነ፣ በኬሞ 8.3። ለዚህ ደረጃ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያዎቹ መርፌዎች ላይ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውረድ፣ መቃዠት ሊመጣ ስለሚችል ክትትል ባለበት ሆስፒታል ይጀመራል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ አለ።

## በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ለማን | ጥናት ያሳየው | ሸክሙ | ዋጋና ተገኝነት |
|---|---|---|---|---|
| ኬሞና ጨረር አብረው | ውስን፣ ደህና አቅም | በአምስት ዓመት ከመቶ ሩብ ገደማና ከዚያም በላይ | የጉሮሮ ቁስል፣ ብዙ ምልልስ | መድኃኒቱ ርካሽ፣ ጨረሩ ወረፋ |
| ኬሞ ቀድሞ፣ ጨረር በኋላ | ውስን፣ ወረፋ ያለበት ወይም የደከመ | በአምስት ዓመት ከመቶ 18 ገደማ | ቀለል ያለ | አገር ቤት የሚቻል |
| ቀጥሎ ዱርቫሉማብ | ውስን፣ ሕክምናውን የጨረሰ | መኻሉ 55.9 ወር ከ33.4 | የሳንባ መቆጣት፣ ሁለት ዓመት | በጣም ውድ |
| ኬሞ ከኢሚውኖቴራፒ ጋር | የተሰራጨ | በሦስት ዓመት ከመቶ 18 ገደማ | በየሦስት፣ ኋላ በየሦስት ወይም አራት ሳምንት | በጣም ውድ |
| ኬሞ ብቻ | የተሰራጨ፣ ከኪስ | በሦስት ዓመት ከመቶ 6 ገደማ፤ ምልክቱን ቶሎ ያቀላል | የደም ሴል መውረድ | ርካሽ |
| ታርላታማብ | ተመልሶ ለመጣበት | መኻሉ 13.6 ወር ከ8.3 | ሆስፒታል ገብቶ መጀመር | በጣም ውድ፣ በጥቂት ቦታ |
| ቶፖቴካን ክኒን | ተመልሶ ለመጣበት፣ ምልልስ ለከበደው | መኻሉ 26 ሳምንት፣ ማስታገሻ ብቻ ለወሰዱት 14 | የደም ሴል መውረድ | መካከለኛ |

## እናንተስ የትኞቹ ናችሁ?

*አገር ቤት ያላችሁ፣ ገና ያልተረጋገጠ ከሆነ።* ሳል፣ መክሳት፣ ማላብ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው። ያስኬዳልም። ግን አክታው ላይ ምንም ሳይገኝ መድኃኒቱ ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ከሌለ ናሙና ይወሰድ ብላችሁ ጠይቁ፣ በተለይ ታማሚው ለዓመታት ያጨሰ ከሆነ። ስሞል ሴል ሳያጨስ የሚይዘው ሰው ጥቂት ነው። ጫት ላይ ብቻ የሚጨስም ማጨስ ነው።

*ዓረብ አገር ያላችሁ።* ኢንሹራንሱ ከሥራ ውሉ ጋር የታሰረ ነው። ሥራ ለቅቄ አገሬ ልግባ ከማለታችሁ በፊት ምን እንደሚሸፍን፣ እስከ መቼ እንደሚሸፍን በጽሑፍ ያዙ። እስራኤል ያላችሁ የቁፓት ሆሊማችሁን ማኅበራዊ ሠራተኛ አግኙ። አሜሪካ ያላችሁም እንዲሁ፤ ኢንሹራንስ ባይኖርም የመድኃኒት አምራቾቹ የእርዳታ ፕሮግራም አላቸው፣ ፎርሙን የምትሞላው የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ናት።

*የፓቶሎጂ ወረቀቱ «ስሞል ሴል» ሳይሆን «ላርጅ ሴል ኒውሮኢንዶክራይን» ካለ።* ይህ ከስሞል ሴልም ያነሰ የሚገኝ ዘመዱ ነው፣ እንደዚያው ኃይለኛ። ትልልቅ ጥናቶች የሉትም፤ ብዙ ጊዜ በስሞል ሴሉ መንገድ ይታከማል። ሁለቱን በትንሽ ናሙና መለየት ስለሚያስቸግር ስላይዱን ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያየው መጠየቅ ነውር አይደለም።

*«በቃኝ» ላሉ።* ይህም አማራጭ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ እንቅልፍ ማጣት በሞርፊንና በሌሎችም ይታከማሉ። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየሄደ ይረዳል። ኬሞ ላይ ያለ ሰውም ማስታገሻ ሐኪም ማየት ይችላል፤ የመጨረሻው ቀን እስኪመጣ አይጠበቅም። አንድ ነገር ብቻ፦ «በቃኝ» ያሉት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን አረጋግጡ። ስንት ጊዜ ልጆች ውጭ ኮሪደር ላይ ቆመው ወስነው ሲገቡ፣ አባትየው እኔን በእጃቸው ጠቅሰው «ምን አሉ? ለኔ ንገረኝ» ይሉኛል።